የሐበሻ ፊውነራል ሆም ለመክፈት ምን ዓይነት ፈቃድ ያስፈልጋል?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። በቅርቡ አንድ አባላችን አርፈው አስከሬኑን ወደ አገር ቤት ለመላክ ስንሯሯጥ፣ የቀብር ድርጅቱ ያቀረበልን ሒሳብ አስደነገጠን። ሥርዓታችንንም አያውቁትም። ሽማግሌዎች ገብተው እንዲገንዙ ለማስፈቀድ ስንጨቃጨቅ ዋልን። ታናሽ ወንድሜ በነርስ ረዳትነት ነው የሚሠራው። “ለምን የራሳችንን አንከፍትም? እኔ ፈቃዱን አወጣለሁ” ይላል። አንዳንድ አባላት ደግሞ እድሩ ራሱ ይክፈተው፣ ከወዲሁም በየወሩ ለቀብር የሚሆን ገንዘብ እንሰብስብ እያሉ ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው ማን ነው? ምን ይጠይቃል? ስንት ጊዜ ይፈጃል?

መልስ፦ በመጀመሪያ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ።

አጭሩን ላስቀድም። ወንድምዎ ሜሪላንድ ውስጥ ባለፈቃድ ቀብር አስፈጻሚ መሆን ይችላል። ትምህርት ቤት መግባት፣ በባለሙያ ሥር መለማመድ፣ ከዚያ ፈተና ማለፍ ይጠበቅበታል። ሥራውን ሳይለቅ የሚማር ከሆነ ሦስት ዓመት ያህል ቢይዝለት ጥሩ ነው። እድሩ ግን በሜሪላንድ ሕግ የፊውነራል ሆም ባለቤት ልሁን ቢል በሩ ዝግ ነው። ለቀብር ተብሎ አስቀድሞ የሚሰበሰበውን ገንዘብ ደግሞ ገና ካልጀመራችሁት ተዉት። ከጀመራችሁም ጠበቃ እስክታናግሩ ድረስ አቁሙት። ምክንያቱን እመጣበታለሁ።

አሁን ረዘም አድርጌ ልመልስ።

አሜሪካ ውስጥ ለዚህ ሙያ አገር አቀፍ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም። እያንዳንዱ ስቴት የራሱ ሕግ አለው። ልዩነቱም ቀላል አይደለም። ካሊፎርኒያ ቀብር አስፈጻሚ ለመሆን የሁለት ዓመት የኮሌጅ ዲግሪ ይጠይቃል፤ ዲግሪው ግን በምንም ትምህርት ሊሆን ይችላል። አካውንቲንግም ይሁን ታሪክ፣ ግድ የላቸውም። የስቴቱን ፈተና ማለፍና አሻራ ሰጥቶ መመርመር ነው የሚቀረው። ሚኒሶታ ሲሄዱ ነገሩ ይጠብቃል፤ እዚያ ባችለር ዲግሪ ያስፈልጋል። ሁለቱንም የጠቀስኩት ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባቸው ስለሆኑ ነው። “ሎስ አንጀለስ ያለው የአክስቴ ልጅ እንዲህ ብሎኛል” የሚል ምክር ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አይሠራም።

“ሙት መቅበር እኮ አያቶቻችን ያለ ፈቃድ ሲያደርጉት የኖሩት ነገር ነው፣ ፈቃድ ምን ይሠራል?” የሚል ሰው ሁልጊዜ ይገጥመኛል። ለእሱ የኮሎራዶን ታሪክ እነግረዋለሁ። ኮሎራዶ በ1983 ፈቃዱን አስቀረ። ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት ሙሉ ማንም ሰው ተነስቶ “ቀብር አስፈጻሚ ነኝ” ማለት ይችል ነበር። በ2023 መኸር ላይ ፔንሮዝ በምትባል ትንሽ ከተማ መጥፎ ሽታ አለ ተብሎ ለባለሥልጣናት ተነገረ። ሲገባ ወደ 190 የሚጠጋ አስከሬን አንድ ሕንፃ ውስጥ ተከማችቶ እየበሰበሰ ተገኘ። ቤተሰቦች ቀድሞ ተቃጥሏል ተብለው አመድ ተቀብለው ነበር። ለአንዳንዶቹ የተሰጣቸው አመድ እንኳ አልነበረም። በቀጣዩ ዓመት የስቴቱ ምክር ቤት ሕግ አወጣ፣ አገረ ገዢውም ፈረሙበት። ከ2027 መግቢያ ጀምሮ ኮሎራዶ ውስጥም ያለ ፈቃድ መሥራት አይቻልም። አገር ቤት ሬሳ ከቤት ወጥቶ በማግስቱ፣ ብዙ ጊዜም በዕለቱ አፈር ይለብሳል፤ ሁሉም ዓይኑ እያየ ነው። እዚህ ግን አስከሬኑ ከቤተሰብ ዓይን ርቆ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት በሰው እጅ ይቆያል። ቁጥጥሩ ለዚያ ጊዜ ነው።

ወደ ሜሪላንድ እንምጣ። ፈቃዱን የሚሰጠው በስቴቱ ጤና መሥሪያ ቤት ሥር ያለው የሞርቲሺያኖችና የቀብር አስፈጻሚዎች ቦርድ ነው። ስሙ እንደሚነግርዎት ሁለት ዓይነት ፈቃድ አለ። ሞርቲሺያን ሁሉንም ይሠራል። ፊውነራል ዳይሬክተር የሚባለው ደግሞ ቤተሰብ ያነጋግራል፣ ውል ይዋዋላል፣ ቀብሩን ይመራል፤ ኢምባልሚንግ ግን አይሠራም።

ኢምባልሚንግ ማለት አስከሬን በመድኃኒት ማቆየት ነው። ብዙ ሰው ከላይ የሚቀባ ነገር ይመስለዋል። አይደለም። አንገት ወይም ብሽሽት ጋ ያለ ትልቅ የደም ሥር ይከፈትና ፎርማልዲሃይድ ያለበት ፈሳሽ በፓምፕ ይገባል። ደሙ በሌላው ሥር ይወጣል። ባለሙያው እየገባ ያለው ፈሳሽ የት እንደደረሰ የሚያውቀው በእጁ ጣትና በጆሮ ጫፍ ቀለም ነው። ካልደረሰ ሌላ ሥር ይፈልጋል። በመጨረሻ ከደረትና ከሆድ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ረጅም ባዶ መርፌ በሚመስል ብረት ይሳባል። ሰዓታት የሚፈጅ ሥራ ነው። ወንድምዎ ይህን አንብቦ ሆዱ ከተገላበጠ፣ አሁን ቢያውቀው ይሻላል።

ከሁለቱ የቱን ይያዝ? የእናንተ እድር ዋና ሥራ አስከሬን ወደ አገር ቤት መላክ ከሆነ፣ ሞርቲሺያን ነው የሚያስፈልጋችሁ። በአውሮፕላን ለሚሄድ አስከሬን ብዙውን ጊዜ ኢምባልሚንግ ይጠየቃል። ሥራው በዋናነት እዚሁ መቅበር ከሆነ፣ በተለይ አባላቱ ሙስሊሞች ከሆኑና አስከሬን በመድኃኒት እንዲነካ የማይፈልጉ ከሆነ፣ ሁለተኛው ይበቃል። እኔ ግን ሞርቲሺያኑን እመርጣለሁ። ትምህርት ቤት ከገቡ አይቀር ግማሽ መንገድ ላይ መቆም ኪሳራ ነው። ሥራ ለመቀጠርም ሁለቱንም የሚችል ሰው ቶሎ ይወሰዳል።

ትምህርቱ ሞርቹዋሪ ሳይንስ ይባላል፣ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ደረጃ የሁለት ዓመት ዲግሪ ነው። ለእናንተ ቅርቡ በባልቲሞር ካውንቲ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ያለው ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ በሪችመንድ አካባቢ ያለው ብራይትፖይንት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅም ይሰጣል። ከመመዝገቡ በፊት አንድ ነገር ይጣራ፤ ፕሮግራሙ የአሜሪካ የቀብር አገልግሎት ትምህርት ቦርድ እውቅና ያለው መሆን አለበት። ይህ እውቅና ከሌለው ብሔራዊውን ፈተና መቀመጥ አይችልም። ኢንተርኔት ላይ በጥቂት መቶ ዶላር የሚሸጥ “የቀብር ባለሙያ ሰርተፍኬት” ግድግዳ ላይ ከመስቀል ውጭ ምንም አይረባም።

በነርስ ረዳትነት መሥራቱ ከትምህርቱ ላይ የሚያስቀንስለት ነገር የለም። ልምዱ ግን ይጠቅመዋል። ሰውነት ማንሳትና ማገላበጥ ያውቃል፣ ከሞተ ሰው ጋር ብቻውን ክፍል ውስጥ ቆይቶ ያውቃል። አብረውት ከሚማሩት ብዙዎቹ ይህን ገና እዚያ ነው የሚለምዱት። አገር ቤት ኮሌጅ ተምሮ ከሆነ፣ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ወስዶ ከሆነ፣ ትራንስክሪፕቱን ያስገምግም። ጥቂት ክሬዲት ቢታሰብለት አንድ ሴሚስተር ያተርፋል።

ብሔራዊው ፈተና በሁለት ይከፈላል። አንዱ አርትስ፣ ሌላው ሳይንስስ ይባላል። በመጀመሪያው ሕግ፣ ንግድ፣ ሐዘንተኛን ማማከር፣ የቀብር አመራርና የየሃይማኖቱ ሥርዓት አለ። በሁለተኛው ኢምባልሚንግ፣ የሰውነት አሠራር፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ የተጎዳ ፊት መጠገን አለ። ማለፊያው በየክፍሉ 75 ነው። የእኛ ልጆች ሳይንሱን ይፈሩታል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቸግራቸው ግን አርትሱ ነው። የአሜሪካ የውል ሕግ፣ የፕሮቴስታንቱና የአይሁዱ የቀብር አካሄድ፣ የሜሶኖች (የፍሪሜሰን ማኅበር አባላት) ሥርዓት ጭምር ይጠየቃል። እኛ በልጅነታችን ያላየነው ነገር ስለሆነ ቁጭ ብሎ መሸምደድን ይጠይቃል። ከዚህ በተጨማሪ ሜሪላንድ የራሱን የሕግ ፈተና ይሰጣል።

ልምምዱ የሚጀምረው ከቦርዱ የተለማማጅ ፈቃድ ከወጣ በኋላ ነው። ይህን ብዙ ሰው ይስተዋል። ወንድምዎ ነገ ሄዶ አንድ ፊውነራል ሆም ውስጥ መኪና መንዳት፣ ሳጥን ማጓጓዝ ሊጀምር ይችላል። ያ ሰዓት ግን አይቆጠርለትም። የሚቆጠረው ባለፈቃድ ሞርቲሺያን ስፖንሰር ሆኖት፣ ቦርዱም አውቆት የሠራው ነው። ሜሪላንድ 1,000 ሰዓት ይጠይቃል። በሳምንት 20 ሰዓት ቢሠራ አንድ ዓመት ገደማ ማለት ነው። ከባዱ ነገር ስፖንሰር ማግኘቱ ነው። ይህ ሙያ እዚህ አገር ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነው። ከውጭ የመጣን ሰው፣ ያውም ነገ ተፎካካሪ የሚሆንን ሰው፣ ማሠልጠን የሚፈልገው ጥቂት ነው። ስለዚህ “የሐበሻ ፊውነራል ሆም ልከፍት ነው” ብሎ ደረቱን ነፍቶ ባይገባ ጥሩ ነው። “አማርኛ እናገራለሁ፣ በዚህ አካባቢ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች አሏችሁ” ቢል በሩ ይከፈትለታል። እውነትም ነው፣ ይፈልጉታል።

የወንጀል መዝገብ ምርመራም አለ። የድሮ ጥፋት ሁሉ አይከለክልም። ቅጹ ላይ ደብቆ መገኘት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጥፋቱ በላይ ይጎዳል።

የሰውየው ፈቃድ ይህን ይመስላል። ቤቱ ደግሞ የራሱ ፈቃድ አለው። እድራችሁን የሚመለከተው እዚህ ላይ ነው።

ሜሪላንድ የፊውነራል ሆም ባለቤት ባለፈቃድ ሰው እንዲሆን ይፈልጋል። ተራ ኩባንያ፣ ማኅበር፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም እድር ገንዘብ አዋጥቶ ባለሙያ ቀጥሮ ልክፈት ቢል አይፈቀድለትም። ከ1945 በፊት የነበረ የኮርፖሬሽን ፈቃድ ያላቸው ጥቂት ድርጅቶች አሉ። እነሱ ፈቃዱን እየተሻሻጡ እስከ ዛሬ ይሠሩበታል፤ አዲስ ግን አይሰጥም። ይህ ሕግ ለነባሮቹ ገበያ ጥበቃ ነው ብዬ ነው የማምነው፤ ብዙ ሰውም እንደዚያ ያስባል። የመቃብር ቦታ ባለቤት የሆነ አንድ ነጋዴ ከሌሎች ጋር ሆኖ ስቴቱን ፍርድ ቤት አቁሞት ነበር። የሥር ፍርድ ቤቱ በከፊል ፈረደለት። የፌዴራል ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን በ2009 ገልብጦት ሕጉ ጸና። ብንወደውም ባንወደውም የምንሠራው በዚህ ሕግ ነው።

ወንዙን ተሻግራችሁ ቨርጂኒያ ብትሄዱ ሁኔታው ሌላ ነው። በነገራችን ላይ ቨርጂኒያ ለኢምባልሚንግ ፈቃድ በመጠየቅ በአሜሪካ የመጀመሪያው ስቴት ነው፤ በ1894። እዚያ የቤቱ ባለቤት ፈቃድ የሌለው ድርጅት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በሙሉ ጊዜ ተቀጥሮ ቤቱን የሚመራ፣ ለጥፋቱም ሁሉ በስሙ የሚጠየቅ ባለፈቃድ ሥራ አስኪያጅ መኖር አለበት። ስለዚህ እድራችሁ የግድ ባለቤት ልሁን ካለ መንገዱ አሌክሳንድሪያ ወይም ፎልስ ቸርች በኩል ነው። ወንድምዎም ሜሪላንድ ያወጣውን ፈቃድ ይዞ ቨርጂኒያ ገብቶ መሥራት አይችልም። እዚያ ላለው ቦርድ አመልክቶ የራሱን ማውጣት አለበት። ዲሲም እንዲሁ የራሱ ቦርድ አለው። በእኛ አካባቢ ሰው ዲሲ ሆስፒታል ያርፋል፣ ቤተሰቡ ሜሪላንድ ይኖራል፣ ቀብሩ ቨርጂኒያ ይሆናል። ሦስት ሕግ በአንድ ሳምንት። በዚህ የተነሳ ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ፈቃድ ይይዛሉ።

ቤቱ ራሱ ምን ይጠይቃል? የከተማው ወይም የካውንቲው የቦታ አጠቃቀም ደንብ መፍቀድ አለበት። ይህ ብቻውን ብዙ ሰው ያስቀራል፤ መኖሪያ ሰፈር ያለ ቤት ገዝቶ እንዲሁ መቀየር አይቻልም። ማዘጋጃ ክፍሉ አየር የሚያወጣ መሣሪያ ይፈልጋል። ፎርማልዲሃይድ ካንሰር የሚያመጣ ኬሚካል ስለሆነ የፌዴራሉ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ልኩን ወስኖታል፤ በስምንት ሰዓት ሥራ በአማካይ ከ0.75 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 0.75) መብለጥ የለበትም። ማቀዝቀዣ ያስፈልጋል። ለምሳሌ ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ቀብር ቤት (ፊውነራል ሆም) አስከሬን ተረክቦ ከ48 ሰዓት በላይ የሚያቆይ ከሆነ፣ ወይ ኢምባልሚንግ ያደርጋል ወይ ወደ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚወርድ ማቀዝቀዣ ያስቀምጣል። የቦርዱ መርማሪ መጥቶ ያያል። መቃብር ቦታ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው፤ ሜሪላንድ ውስጥ የሚቆጣጠረው ሌላ መሥሪያ ቤት ነው።

ሦስተኛው ገንዘቡ ነው። አስቀድሜ አቁሙ ያልኩት ይህን ነው።

አንድ ሰው ሳይሞት ለቀብሩ ተብሎ ገንዘብ ከተቀበላችሁ፣ በምላሹም “እንዲህ ያለ ቀብር እናደርግልሃለን” ካላችሁ፣ ሕጉ ቅድመ ክፍያ ውል ይለዋል። ይህን መሸጥ የሚችለው ባለፈቃድ ብቻ ነው። በጽሑፍ መሆን አለበት፣ ገንዘቡም በአደራ ሒሳብ ይቀመጣል እንጂ ኪራይ አይከፈልበትም። በዚህ ሙያ ፈቃዱን የሚነጠቅ ሰው ብዙ ጊዜ የሚነጠቀው አስከሬን አበላሽቶ ሳይሆን ይህን ገንዘብ ነካክቶ ነው። ሰብሳቢው ባለፈቃድ እንኳ ያልሆነ እድር ሲሆን ነገሩ ይብሳል።

“ታዲያ እድር ሁሉ ወንጀለኛ ሊሆን ነው?” እንዳይሉኝ። አባል ሲሞት አዋጥቶ ቤተሰቡን መርዳት አንድ ነገር ነው። የተወሰነ ወርሃዊ መዋጮ እየተቀበሉ የተወሰነ ገንዘብ እንከፍላለን ብሎ ቃል መግባት ደግሞ የኢንሹራንስ ሕግ ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል። የቀብር አገልግሎት እንሰጣለን ማለት ከሁለቱም ይለያል። የመተዳደሪያ ደንባችሁ ውስጥ የትኛው እንደተጻፈ ዛሬ አውጥታችሁ አንብቡት። ብዙ እድሮች ደንቡን ከአገር ቤት ቀድተው ስላመጡት ሦስቱም ተደባልቀውበታል። ለአንድ ጠበቃ ጥቂት መቶ ዶላር ከፍሎ ማስተካከል ተገቢ ነው።

አሁን ደስ ወደሚለው ክፍል። ከጭቅጭቁ ብዙው ያለ ምንም ፈቃድ ሊፈታ የሚችል ነበር።

ማጠብ፣ መገነዝ፣ ፍትሐት ማድረስ፣ ሌሊቱን አብሮ ማደር፣ ሳጥን መሸከም፣ አፈር ማልበስ። አንዱም ፈቃድ አይጠይቅም። ሜሪላንድም ቨርጂኒያም ቤተሰቡ ቀብር አስፈጻሚ የግድ ይቅጠር አይሉም። ኒውዮርክ፣ ኒው ጀርሲና ኮነቲከትን የመሳሰሉ ጥቂት ስቴቶች ናቸው የሚያስገድዱት። ሙስሊም ወገኖቻችን ይህን ከእኛ በተሻለ ተጠቅመውበታል። ብዙ መስጊዶች የራሳቸው ማጠቢያ ክፍል አላቸው። ከአንድ ፈቃድ ካለው ቀብር ቤት ጋር ተስማምተው፣ እሱ ወረቀቱንና ማጓጓዙን ይይዛል፣ እነሱ አጥበው ከፍነው ይሰግዱበታል። ሁሉም በአንድ ቀን ያልቃል። ዋጋውም ቀድሞ የታወቀ ነው። አብያተ ክርስቲያናቱና እድሮቹ ለምን እንደዚህ እንደማያደርጉ አይገባኝም።

ሽማግሌዎቹን ያላስገቡት ሕግ ስለከለከላቸው ሳይሆን ስለ ኢንሹራንሳቸውና ስለ ደም ንክኪ ፈርተው ይመስለኛል። ይህ በስልክ አስቀድሞ የሚያልቅ ጉዳይ ነው። ስንት ሰው እንደሚገባ፣ ጓንትና መከላከያ ልብስ እንደሚለብሱ፣ ስንት ሰዓት እንደሚቆዩ ይነገር። ውሉ ላይም ይጻፍ። አስከሬኑ ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ በር ላይ ቆሞ መከራከር ግን ለማንም አይሆንም።

ወደ አገር ቤት የሚላከው ላይ ግን ባለፈቃዱን መዝለል አይቻልም። አየር መንገዶች በተሳፋሪ አውሮፕላን አስከሬን የሚቀበሉት በፌዴራሉ የትራንስፖርት ደኅንነት ደንብ ከሚታወቅ ላኪ ነው፤ ይኸውም ቀብር ቤቱ ነው። የሞት ሰርተፍኬቱን በሦስት ቀን ውስጥ የሚያስመዘግበው፣ የማጓጓዣ ፈቃዱን የሚያወጣው፣ የኢምባልሚንግ ማረጋገጫውንና ተላላፊ በሽታ እንደሌለበት የሚገልጸውን ደብዳቤ የሚያሰባስበው፣ ሳጥኑን የሚያሽገው እሱ ነው። ዋሽንግተን ያለው ኤምባሲያችን እነዚህን ከፓስፖርቱ ጋር አይቶ ነው የሚፈርመው። አንዲት ፊደል ትበላሽና ሁሉም ይቆማል። ፓስፖርቱ ላይ “ገብረ ሥላሴ” ተነጥሎ፣ የሞት ሰርተፍኬቱ ላይ ተቀጥሎ ስለተጻፈ ብቻ አርብ ሊሄድ የነበረ አስከሬን ሰኞን ይጠብቃል። የእኛን ስም አጻጻፍ የሚያውቅ፣ የአያት ስም ከቤተሰብ ስም ጋር የማይምታታበት ሰው ቢሮው ውስጥ መኖሩ ዋጋው የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ወንድምዎ ገና ተማሪ ሆኖም ይህን መሥራት ይችላል።

ስለ ሒሳቡ ደግሞ። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የቀብር ደንብ የሚባል አለው። ከ1984 ጀምሮ በሁሉም ስቴት ይሠራል። ማንኛውም ቀብር ቤት ሄዳችሁ ዋጋ ስትጠይቁ፣ ይዛችሁት የምትሄዱት የታተመ የዋጋ ዝርዝር መስጠት ግዴታው ነው። በስልክ ከጠየቃችሁም ይነግራችኋል። ዝርዝሩ ውስጥ “አስከሬን ወደ ሌላ ቀብር ቤት ማስተላለፍ” የሚል መስመር አለ፤ ዋጋው ምንን እንደሚያካትት አብሮ ይጻፋል። ለእናንተ ዋናው ያ መስመር ነው። ብዙ ቤተሰብ እሱን ሳያይ ሙሉ የቀብር ጥቅል ይገዛል። ስንብት በአዳራሽ፣ የአበባ መኪና፣ የመታሰቢያ ካርድ የሚባለውን ሁሉ ይከፍላል፤ ከዚያ አስከሬኑ አገር ቤት ሄዶ እንደገና ይለቀሳል። የቀብር አስፈጻሚዎቹ ብሔራዊ ማኅበር በ2023 ባወጣው አኃዝ፣ ስንብትና መቃብር ያለው ቀብር መካከለኛ ዋጋ 8,300 ዶላር ነበር፤ የመቃብር ቦታው ሳይጨመር። ማስተላለፍ ብቻ ከሆነ ከዚህ በጣም ይወርዳል፤ የአውሮፕላኑ ይጨመርበታል። ሳጥንም ከሌላ ቦታ ገዝታችሁ ብትመጡ መቀበል አለባቸው፤ ለዚህ ተብሎ ተጨማሪ ማስከፈል ክልክል ነው።

በሳጥን ላይ እያለን፣ አናጢ አባል ካላችሁ ይህን ይወደዋል። ሉዊዚያና ውስጥ የቅዱስ ዮሴፍ ገዳም መነኮሳት ቀለል ያለ የእንጨት ሳጥን ሠርተው መሸጥ ሲጀምሩ የስቴቱ ቦርድ “ፈቃድ ያለው ቀብር አስፈጻሚ ካልሆናችሁ አትሸጡም” አላቸው። ከሰሱ። በ2013 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለመነኮሳቱ ፈረደ። ሌላ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ግን በ2004 በኦክላሆማ ተመሳሳይ ጉዳይ ላይ ተቃራኒውን ወስኗል። ስለዚህ የእናንተ አናጢ ከመሸጡ በፊት ለስቴቱ ቦርድ ኢሜይል ጽፎ መልሱን በጽሑፍ ይያዝ።

አንድ ደስ የማይል ነገር ልጨምር። በማኅበረሰባችን ውስጥ ሰው ሲሞት ቀድሞ የሚደርስ፣ ቤተሰቡን “እኔ የማውቀው ቀብር ቤት አለ” ብሎ የሚወስድ፣ ከኋላ ደግሞ ኮሚሽን የሚቀበል ሰው አለ። በአብዛኛው ስቴት ሕገ ወጥ ነው። የከፈለው ቀብር ቤትም ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል። ወንድምዎ ወደዚህ ሙያ ሊገባ እያሰበ እንደዚህ ያለ ገንዘብ እንዳይነካ። ፈቃድ ሳይኖረውም “ቀብር አስፈጻሚ” ብሎ ቢዝነስ ካርድ አያሳትም፣ ከቤተሰብ ጋር ዋጋ አይዋዋል። ማስተርጎም፣ ወረቀት ማሰባሰብ፣ ሾፌርነት ግን ይችላል።

እኔ በእናንተ ቦታ ብሆን የማደርገው ይኼን ነው። ወንድምዎ በዚህ ወር ለሜሪላንድ ቦርድ ይጻፍና የሞርቲሺያን ማመልከቻ መመሪያውን ይጠይቅ። ደንቡ ይሻሻላል፣ ክፍያውም ይቀየራል፤ ከእነሱ እጅ ይውሰደው። ኮሌጁ ጋ ሄዶ የመግቢያ ቀኑንና የሚያስፈልጉ ቅድመ ኮርሶችን ያጣራ። ጎን ለጎን ለእናንተ ቅርብ በሆነ ቀብር ቤት በረዳትነት ሥራ ይፈልግ፤ ሌሊት አስከሬን ከቤት የሚያመጡ ሰዎች ሁልጊዜ ይፈለጋሉ። ሁለት ሌሊት ከሠራ በኋላ ሙያው የእሱ መሆን አለመሆኑን ያውቀዋል።

እድሩ ደግሞ ሦስት አራት ቀብር ቤቶችን መርጦ የዋጋ ዝርዝራቸውን ይሰብስብ። ሁለት ሰው ወክላችሁ አነጋግሯቸው። በዓመት ስንት አባል እንደሚያርፍ፣ ስንቱ ወደ አገር ቤት እንደሚላክ ንገሯቸው። ግንዘቱን፣ ካህናቱ የሚገቡበትን ሰዓትና የማስተላለፊያውን ዋጋ በጽሑፍ ተዋዋሉ። የተስማማችሁበት ቀብር ቤት ስልክ በእያንዳንዱ አባል እጅ ይግባ፤ ሆስፒታሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው “አስከሬኑን ማን ይውሰደው?” ብሎ ነውና።